ጉም ውስጥ የምትስል ባሊላ

በአርበሮባ ጠመዝማዛ ላይ ማኪና መጀመሪያ የሚታወቀው በጆሮ ነው። ከቀትር በኋላ ከምጽዋ በኩል ሽቅብ የሚሳበው ጉም ገደሉን ሞልቶ፣ በለሱን ሸፍኖ፣ አስፋልቱን ሲውጠው ዓይን ሥራ ይፈታል። ያኔ ከታች፣ ከነፋሲት አቅጣጫ፣ አንድ ድምፅ ይነሣል። ኩርባውን እየዞረ፣ አንዴ ቀርቦ፣ አንዴ ተራራው ጀርባ ተደብቆ፣ እንደገና ቀርቦ ይመጣል። በመንገዱ ዳር ግንብ ላይ የተደረደሩት ሰዎች ጆሯቸውን አቅንተው ይከራከራሉ።

«ላንቻ ናት!»

«አልፋ ናት እንጂ!»

«ኧረ ተወኝ! ድንች የጫነች ፊያት ናት፣ አንተ ደንቆሮ!»

ጉሙ ተሰንጥቆ መብራቷ ብቅ ሲል የተሸነፈው ለሁሉም ሻሂ ይጋብዛል።

ሻሂውን የምታፈላው ጽገረዳ ነበረች። እሷ አትከራከርም። ድምፁ ገና ከታች ሲነሣ የምታጥበውን ብርጭቆ ይዛ ቀጥ ትላለች፤ ፊቷ ላይ ደም ይመጣል፤ ድምፁ ሲለይላት ደሙ ይመለሳል፤ ብርጭቆውን ማጠቧን ትቀጥላለች። የምትጠብቃት አንዲት ማኪና ነበረች። ያቺ ማኪና ባሏን ይዛ በዚህ መንገድ ወርዳ አልተመለሰችም። ይሙት ይኑር አታውቅም። ጥቁር አልለበሰች፣ ነጭ ለብሳ አልደመቀች፤ በሁለቱ መካከል፣ በመንገድ ዳር፣ ወጣትነቷ እንደ ሻሂው እንፋሎት ወደ ጉሙ እየተቀላቀለ ሄደ።

ጽገረዳ አስመራ፣ የእዳጋ ሓሙስ ሰፈር ልጅ ናት። ኪዳኑን ያወቀችው በአውቶቡስ ፌርማታ ነው። ዘይት የጠጣ ቱታውን ለብሶ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ሓፍተይ፣ ነጠላሽን እንዳላቆሽሽብሽ ራቅ በይ» አላት።

«ራስህ አትርቅም?»

«እኔማ ፈልጌ አቃተኝ።»

ኪዳኑ ሲኞር ቤልትራሚ ለሚባል ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ ነበር። ሽማግሌው ከጦርነቱ በፊት የተሠራች፣ ባሊላ የምትባል አንዲት የእሽቅድምድም ፊያት ነበረችው፦ ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያ የለሽ፣ ጅራቷ እንደ ዓሣ የሾለ፣ ኮፈኗ በቆዳ ቀበቶ የሚታሰር። የጭስ ማውጫዋ በዝገት ሲበላ ኪዳኑ መደበር ገበያ ካሉት ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ወስዶ በአሮጌ የባቡር ቧንቧ ቀጠለላት። ከዚያ ወዲህ እግር ከነዳጅ ላይ በተነሣ ቁጥር ባሊላዋ ሁለቴ ትስላለች። ደረቅ፣ አጭር፣ የሽማግሌ ሳል። «አሮጊቴን ሳንባ ነቀርሳ አስያዝክብኝ!» እያለ ቤልትራሚ ይስቅ ነበር።

በየዓመቱ፣ ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ፣ የድሮዎቹ ማኪኖች ከአስመራ እስከ ነፋሲት ወርደው ይመለሳሉ። ቤልትራሚ መሪውን ይዞ፣ ኪዳኑ የውኃ ጣሳውን በእግሮቹ መካከል አጣብቆ ከጎኑ ይቀመጣል። በሌላው እሑድ ደግሞ ኪዳኑ ጽገረዳን ወደዚያው ጠመዝማዛ ያመጣታል። ግንቡ ላይ ያስቀምጣትና «ዓይንሽን ጨፍኚ» ይላታል። «አሁን የምትመጣዋ ማን ናት? ስሚ፣ ማርሽ ስትቀይር ታለቅሳለች፤ ላንቻ ናት። ያቺኛዋ ደግሞ ከሆዷ ነው የምትናገረው።» ሌላው ወጣት ለወደዳት አበባ ያመጣል፤ ኪዳኑ ድምፅ አመጣላት። እጁን ትከሻዋ ላይ ጥሎ ያንጎራጉርላታል፦

ሞተር ይታመናል ዘይቱን ካላጡት፣
ልብ ነው የሚከዳው ዳገት ሲያሳዩት።

«ያንተስ ልብ?» ስትለው «የኔ በናፍታ ነው የሚሄደው፣ ዳገት አይፈራም» ይላል። ተጋቡ።

ዘመኑ ግን ዳገት ሆነ። ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ ሰማያዊው የአገሬው ሰንደቅ ወረደ፤ ልጆች በማያውቁት ቋንቋ ፊደል ቆጠሩ፤ ቆላው ውስጥ ጥይት መሰማት ጀመረ። ጣሊያኖቹ አንድ በአንድ ቤታቸውን እየዘጉ ወደ መርከብ ወረዱ። በ1959 ኅዳር የቤልትራሚ ተራ ደረሰ። እሱ በሊቶሪናው ባቡር ቀድሞ ወደ ምጽዋ ወረደ፤ ባሊላዋን ነድቶ ወደቡ ላይ እንዲያስረክብ ለኪዳኑ ተወለት። ጽገረዳ የመውለጃዋ ወር ተቃርቦ ነበር።

«ማታ በአውቶቡስ እመለሳለሁ» አላት። «ዓሣ ላምጣልሽ?»

«ዓሣ ይሸተኛል። ራስህን አምጣ።»

መርከቧ ያለ ባሊላዋ ሄደች። ከዚያ ወሬው በየሻሂ ቤቱ ሆነ። አንዱ «ማኪናዋን ሸጦ ሱዳን ገባ» አለ፤ ሌላው «ሜዳ ወጣ፣ ከተዋጊዎቹ ተቀላቀለ» አለ፤ ሌላው ወሬ ቀየረ። ጽገረዳ ወለደች፤ ሴት ልጅ፣ ኣዜብ። ልጇ ጡት ስትጥል ምድጃዋንና ብርጭቆዎቿን ተሸክማ ወደ አርበሮባ ወረደች፤ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ለምን ሲሏት መልሷ አጭር ነበር፦ «ከምጽዋ የሚመለስ በሌላ በየት ያልፋል?»

ምድጃውን የገዛላት የባሏ ታላቅ ወንድም ሃብተማርያም ነው። ሃብተማርያም በዚያው መስመር አውቶቡስ ይነዳል። በየጠዋቱ ጠመዝማዛው ላይ ቆሞ ስኳር፣ ዱቄት፣ የልጅቷን ወሬ ያወርድላታል፤ ኣዜብ ለትምህርት ከደረሰች ወዲህ የምትኖረው አስመራ እሱና ሚስቱ ኣብርሄት ዘንድ ነበር። ጽገረዳ በመስኮቱ ሥር ቆማ ሁልጊዜ ያንኑ ትጠይቃለች።

«ኣያ፣ ወሬ አለ?»

«የለም» ይላል መሪውን እያየ። «ይመጣል። እግዚአብሔር ያውቃል።»

ሃብተማርያምም ያውቅ ነበር።

ኪዳኑ በወጣበት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዶንጎሎ አጠገብ፣ ሽምቅ ተዋጊዎች አንድ የወታደር ማኪና መትተው ነበር። ኪዳኑ ጥቂት ቆይቶ በዚያው ደረሰ። ጣሪያ በሌላት ቀይ ማኪና እየዘፈነ ሲወርድ መንገዱን የዘጉት ወታደሮች አዩት፤ ቁም አሉት፤ ፍሬን ያዘ፤ ባሊላዋ ሁለቴ ሳለች። ተኩስ የመሰላቸው ወታደሮች ተኮሱ። በማግስቱ አውቶቡሱን ይዞ ያለፈው ሃብተማርያም ወንድሙን ከመንገድ ዳር አነሣ። «የሽፍታ ሬሳ ነው፤ ውሰድ፤ ለቅሶ የለም፣ ድንኳን የለም» ተባለ። ግንዳዕ ቀበረው። አላለቀሰም።

መርዶ ወግ አለው። ዝም ብሎ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተመካክረው፣ የሚነገረው ሰው ጤና መሆኑን አይተው፣ ጎሕ ሲቀድ ደጁን ያንኳኳሉ። የኪዳኑ ዘመዶችም ተሰበሰቡና ተመካከሩ። «ትውለድ» አሉ። ወለደች። «አራስ ናት» አሉ። ከአራስ ቤት ወጣች። «ታጠባለች፤ ወተቷ ይደርቃል» አሉ። ልጅቷ ጡት ጣለች። እናቷ ሞተች፤ «ሁለት ሐዘን አትችልም» አሉ። እናቷን አልቅሳ ሳትጨርስ የ1963ቱ አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ መጣ፤ «አሁን ድንኳን ብንተክል ማን ሞተ ይሉናል፤ ምን እንላለን?» አሉ። ከዚያ በኋላ ያመጡት ምክንያት ከሁሉም ይከብድ ነበር፤ ጮክ ብሎ የተናገረው እንኳ የለም፦ እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ ብትለንስ?

እንዲህ እያለ፣ በርኅራኄ ላይ ርኅራኄ ተከምሮ፣ ሴትዮዋን ከነሕይወቷ ቀበራት። መንገደኛው ያውቃል፣ ሾፌሩ ያውቃል፤ እሷ ብቻ ብርጭቆ ይዛ ጆሮዋን ወደ ገደሉ ታቀናለች።

ከጎኗ የግንዳዕ መንደሪን የሚሸጥ ኢንድሪስ የሚባል የወሎ ሰው ነበር። አፉ ዜማ አያጣም። አማርኛዋን ከትምህርት ቤት ይልቅ ያቀናላት እሱ ነው። ጉሙ ሲወፍር፣ መንደሪኑን በጨርቅ እየወለወለ፣ እንዲህ ይላል፦

ጉም ይውጣ ከቆላ፣ ጉም ይውረድ ከደጋ፣
የሄደ ሰው ድምፅ ነው ሌሊቱን የሚያነጋ።

«ኢንድሪስ፣ እስቲ ዝም በል፤ አላስሰማ አልከኝ» ትለዋለች።

«እኔ ዝም ብል መንደሪኑን ማን ይገዛዋል፣ እታለም? ገበያው የሚመጣው ለድምፄ ነው።»

«መንደሪንህ ቢጣፍጥ ኖሮ መዝፈን ባላስፈለገህ!»

በአዋጁ ምክንያት ቀርቶ የነበረው የድሮ ማኪኖች ጉዞ በ1965 ጥር እንደገና ተፈቀደ። በየኩርባው ሁለት ሁለት ወታደር ቆመ። ያም ሆኖ ሰው ወጣ፤ ከአስመራ በአውቶቡስ እየወረደ ግንቡን ሞላው። ጠዋት ማኪኖቹ ከጉሙ በላይ፣ በፀሐይ፣ በጅምላ እየጮኹ ቁልቁል ነጎዱ። ጽገረዳ ያኔ ሻሂ ልታደርስ ስትሯሯጥ አንዱንም ከአንዱ አልለየችም። ከቀትር በኋላ ግን ጉሙ ወጣ። ማኪኖቹም ከነፋሲት ተራ በተራ መመለስ ጀመሩ።

«ላንቻ!» አለ አንዱ። ላንቻ ሆነች። ጭብጨባ።

«ይቺ ደግሞ አልፋ ናት፤ አልፋ ካልሆነች ጺሜን ላጩኝ!»

«የቱን ጺም? አንተ ጺም አለህ እንዴ?»

ሳቁ ሳይበርድ ሌላ ድምፅ ከታች ተነሣ። ቀጭን፣ የደከመው። ኩርባው ላይ ሲደርስ ነጂው እግሩን ከነዳጅ ላይ አነሣ።

ሁለቴ ሳለ።

ብርጭቆው ከጽገረዳ እጅ ወደቀ። ኢንድሪስ ከመንደሪኑ ኋላ ብድግ አለ፤ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ተቀመጪ፣ እታለም። እባክሽ ተቀመጪ።»

ጉሙ ተሰነጠቀ። ብቅ ያለችው አረንጓዴ ነበረች።

«አረንጓዴ ናት!» አለ ኢንድሪስ ቶሎ ብሎ። «ሌላ ናት። ያንቺዋ ቀይ አልነበረች?»

«ቀለም ይቀባል» አለች። «ሳል አይቀባም።»

መሪውን የያዘው የመነጽሩ ብርጭቆ ጭጋግ የለበሰ ወፍራም ሰው ነበር። ደርበው ይባላል፤ ከጎጃም መጥቶ አስመራ በመንግሥት ሥራ የሚኖር ጸሐፊ። ከኮፈኑ እንፋሎት እየተግተለተለ ግንቡ ሥር አቆማት።

«እናት ዓለም፣ ውኃ አለሽ? ይቺ አሮጊት ጠማት!»

ጽገረዳ ውኃውን ይዛ መጣች። የምትሄደው በእግሯ አይመስልም ነበር። ሰውዬው የራዲያተሩን ክዳን ሊይዝ ሲል «ቆይ፣ ይፈነዳብዎታል» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቀስ እያለች ከፈተችለት። ውኃውን አፈሰሰች። ከዚያ ዞራ በነጂው በኩል ያለውን በር ዳሰሰችው። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ስቱኮ የተሞላባቸው ክብ ክብ ቦታዎች ነበሩ። ጣቷ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ።

«እዚህ ላይ ምን ነክቷት ነው?»

«አየሽልኝ? እሱማ ታሪክ አለው!» አለ ደርበው፤ የሚሰማው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ባለፈው ክረምት በጨረታ ነው የገዛኋት። የሸጠልኝ ባሻ ሁሉን አጫውቶኛል። አንድ ሽፍታ ከጣሊያን ሰርቆ ሲሸሽ ዶንጎሎ ላይ ቁም ቢሉት ተኮሰባቸው አሉ። እነሱም አርከፈከፉበት! መጋዘን ውስጥ ዶሮ ሲፈለፈልባት ነበር የኖረችው፤ እኔ ነኝ ነፍስ የዘራሁባት።»

«ነጂውስ?»

«ሞተ እንጂ! እዚቹ ወንበር ላይ።» ወንበሩን መታ መታ አደረገ። «ወንድሙ መጥቶ ወሰደው አሉ። አውቶቡስ ነጂ ነው። ተሸክሞት ሄዶ ግንዳዕ ቀበረው፤ አንዲት እንባ አልወጣውም አሉኝ። ምን ዓይነት ጨካኝ ሰዎች ናቸው!»

ጽገረዳ ወደ ኢንድሪስ ዞረች። ኢንድሪስ ጀርባውን ሰጥቷት የተደረደረ መንደሪን ይደረድር ነበር።

«አንተም?»

«በልጆቼ አስማሉኝ» አለ ሳይዞር። «በልጆቼ፣ እታለም።»

ግንቡ ላይ ያሉትን አየቻቸው። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። የሳቀው፣ ሻሂ የጋበዘው፣ «ኣጆኺ፣ ይመጣል» ያላት፤ ሁሉም።

ደርበው ግራ ገባው። «ምነው? አስደነገጥኩሽ እንዴ? አይዞሽ፣ ደሙ ታጥቧል!»

«ወደ አስመራ ነው የሚወጡት?»

«እህሳ!»

«ይውሰዱኝ።»

ምድጃውን ሳታጠፋ፣ ብርጭቆዎቹን ሳትሰበስብ ገባች። ባሊላዋ ሽቅብ ጀመረች። ከጉሙ በላይ ሲወጡ ፀሐይ ነበር፤ በየኩርባው የቆመው ሕዝብ ባሊላዋን ከነተሳፋሪዋ ሲያይ እጁን ያጨበጭባል፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ሙሽራ የመሰለቻቸውም ነበሩ። ደርበው ለሁሉም እጁን ያነሣል። ሲደክመው ክርኑን በሩ ላይ፣ ልክ እነዚያ ቦታዎች ላይ ያሳርፋል። ጽገረዳ ክርኑን ታያለች። ማኪናዋ በሳለች ቁጥር ሰውነቷ ይነጥራል። ሌላ አታደርግም። እዳጋ ሓሙስ ስትወርድ «የቐንየለይ» አለችው፤ ትርጉሙን ጠይቋት «እግዜር ይስጥልኝ ማለት ነው» ስትለው በጣም ደስ አለው።

በሟች እናቷ ቤት አደረች። የሰዓት እላፊው ሲያበቃ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ የነጠላዋን ጥለት ገልብጣ ወደ አንገቷ አዙራ ለበሰች። የሃብተማርያምን ደጅ መርዶ ነጋሪዎች እንደሚያንኳኩት አንኳኳች፤ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ። ኣብርሄት ከፈተች። የተገለበጠውን ጥለት አየች፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ኣያን ቀስቅሺው» አለች ጽገረዳ። «ሳይወጣ ልንገረው።»

ሃብተማርያም የአውቶቡሱን ዩኒፎርም ግማሹን ለብሶ መጣ። ቆመ።

«ኣያ፣ ልብህን ጠንከር አድርግ» አለችው፤ ሽማግሌዎች እንደሚሉት። «ታናሽ ወንድምህ ኪዳኑ ሞቷል።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። «ጽገረዳ... እርጉዝ ነበርሽ...»

«እወ።»

«ከዚያ ታጠቢ ነበር። ከዚያ እናትሽ... ከዚያ አዋጁ...»

«እወ፣ ኣያ። ትናንትናስ? ትናንት ጠዋት ስኳር ስታወርድልኝ ምን ነበርኩ?»

ከደረቱ ድምፅ ወጣ፤ መጀመሪያ እንደ ሳቅ፣ ከዚያ እንደ በሬ። ለወንድሙ አልቅሶ የማያውቅ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሬሳውን ከአስመራ ምጽዋ፣ ከምጽዋ አስመራ ሲያመላልሰው ኖሯል። ኣብርሄት መስኮት ልትዘጋ ሮጠች፤ «ይሰሙናል! ወታደሮቹ!» ጽገረዳ ገፍታ ከፈተችው። ሙሾዋንም በእናቷ ቋንቋ አላወጣችውም፤ ከኢንድሪስ በለመደችው አማርኛ፣ ጥግ ላይ የቆሙት ወታደሮች አንዱም ቃል እንዳያመልጣቸው አወጣችው፦

አንተስ ዓረፍህ ይሏል፣ አፈር ተንተርሰህ፣
ምነው እኔን ተውከኝ፣ መንገድ ላይ አንግሠህ።

ጎረቤት ተነሣ። «ማን ሞተ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። በየቤቱ የነበረ ነጠላ ጥለቱ እየተገለበጠ፣ አንድ በአንድ፣ አንገቱን ደፍቶ ግቢውን ሞላው።

ሁለት ወታደሮች በር ላይ ደረሱ። አንደኛው ገና ልጅ ነው።

«ምንድነው ጩኸቱ?»

«ሰው ሞቶብን ነው» አለች ጽገረዳ።

«ማን?»

«ባሌ።»

«መቼ?»

«ትናንት።»

ልጁ ወታደር ቆቡን አወለቀ፤ ጓደኛው ክንዱን ጎተተው። «ቶሎ ጨርሱ» ብለው ሄዱ።

በዚህ መካከል ኣዜብ ከጓዳ፣ ከእንቅልፏ ተነሥታ፣ ዓይኗን እያሸች ወጣች። ኣብርሄት ቀድማ ደረሰችላት። «ምንም አይደለም፣ የኔ ቆንጆ፤ የሩቅ ዘመድ ነው የሞተው። ሂጂ ተኚ።» ከዚያ ወደ ጽገረዳ ተጠግታ በሹክሹክታ፦ «ለሷ አሁን አይነገራትም። ልጅ ናት። ትምህርቷን ትጨርስ፤ ከዚያ ቀስ ብለን...»

ጽገረዳ ልጇን አየቻት። ለአንድ አፍታ፣ እውነትም ልጅ ናት፤ እውነትም ትንሽ ብትቆይ ምን አለ አለች በልቧ። ያቺ ሐሳብ እንዴት ለስላሳ ነበረች! ሁሉም እንዲህ ተታለው እንደ ነበር ያኔ ገባት። ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«ኣዜብ፣ የሞተው አባትሽ ነው።»

«መቼ?»

«አንቺ ሳትወለጂ።»

ልጅቷ አሰበች። ግቢውን ሁሉ በዓይኗ ዞረች፤ ዓይኗ መሬት ላይ በተቀመጠው አጎቷ ላይ አረፈ። በየበዓሉ «አባትሽ ከምጽዋ ላከልሽ» እያለ ከረሜላ የሚሰጣት እሱ ነበር።

«ታዲያ» አለች፣ «ከረሜላውን ማን ነበር የሚልክልኝ?»

ሃብተማርያም ፊቱን በመዳፎቹ ሸፈነ።